ስለሚለጠጡ ሜታሎች፦ ፐርሰንቱን ተዉት፣ ሰዓቱን እዩ

ይህን ዘርፍ የሚከታተል ሰው ያቺን ፎቶ ሳያያት አይቀርም። ከላይ አጭር፣ ደንዳና የሜታል ናሙና አለች። ከስሯ ያቺው ዓይነት ናሙና ተጎትታ ተጎትታ፣ እንደ ማስቲካ ቀጥና፣ ከፎቶው ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግታለች። ጎኗ ላይ «2,000 በመቶ» ምናምን የሚል ቁጥር አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም እስካሁን ሳያት ደስ ትለኛለች። ቅር የሚለኝ ሰው ሁሉ በቁጥሩ ተደንቆ ሲያልፍ ነው። ምክንያቱም ዋናው ወሬ ያለው ከስር በትንንሽ ፊደል በተጻፉት ሁለት ነገሮች ላይ ነው፦ በስንት ዲግሪ ሙቀት ተጎተተች፣ በምን ፍጥነትስ ተጎተተች።

ነገሩ ሱፐርፕላስቲሲቲ ይባላል። ተራ ሜታል ሲጎተት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በመቶ በታች ተለጥጦ ይበጠሳል። ሱፐርፕላስቲክ ለመባል ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት መስፈርት ቢያንስ 400 በመቶ ነው፤ ማለትም 1 ሴንቲሜትር የነበረው 5 ሴንቲሜትር መድረስ አለበት። ሲለቁት ወደ ኋላ አይመለስም። እንደተለጠጠ ይቀራል።

ተራው ሜታል ለምን ቶሎ ይበጠሳል? ፍጹም እኩል የሆነ ናሙና የለም፤ የሆነ ቦታ ላይ ከሌላው ትንሽ ቀጠን ያለ ወገብ አይጠፋም። ያ ወገብ ያንኑ ጉልበት በጠባብ ስፋት ስለሚሸከም ጫናው ይበዛበታል፣ ጫናው ሲበዛ ከሌላው ፈጥኖ ይለጠጣል፣ ፈጥኖ ሲለጠጥ ደግሞ የበለጠ ይቀጥናል። ከዚያ በኋላ አለቀለት።

ይህን አዙሪት የሚያዘገይ አንድ ጠባይ አለ። አንዳንድ ሜታል በጣም ሲሞቅ፣ ቀስ ብለው ቢጎትቱት እሺ ይላል፣ ፈጠን ቢሉበት ግን ይጠነክራል። ጠባዩ በአንድ ቁጥር ይለካል፤ ኤም ይሉታል። ነገሩ በስሌት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወገቡ ላይ ያለው ስፋት ከሌላው በ10 በመቶ ያነሰ ነው እንበል። ጫናው እዚያ ቦታ በ11 በመቶ ይበልጣል። የኤም ዋጋ 0.05 ከሆነ ወገቡ ከሌላው አካል 8 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይለጠጣል። ኤም 0.5 ከሆነ ግን ፍጥነቱ የሌላው 1.23 እጥፍ ብቻ ነው። በአንደኛው ናሙና ወገቡ ብቻውን ሮጦ ይበጠሳል፤ በሌላኛው ግን መላው አካል እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ አብሮ ይረዝማል። ሱፐርፕላስቲክ የሚባሉት ሜታሎች ኤማቸው 0.5 አካባቢ ነው። ፎቶዋ ላይ ያለችው ናሙና ከላይ እስከ ታች እኩል የቀጠነችው በዚህ ነው።

ታሪኩ የቆየ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1934 ፒርሰን የሚባል እንግሊዛዊ የቢስመዝና የቆርቆሮ ቅይጥ ጎትቶ 1,950 በመቶ አደረሰ። በ1945 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ቦችቫርና ስቪደርስካያ በዚንክና አሉሚኒየም ቅይጥ ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው ስሙን አወጡለት። በምዕራቡ ዓለም ብዙ ሰው የነቃው ግን በ1960ዎቹ ነው። በ1964 የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባኮፈንና ባልደረቦቹ የዚንክና አሉሚኒየም ቅይጥ ሉህን በአየር ግፊት ብቻ ነፍተው ጉልላት አስመሰሉት። ከዚያ ወዲያ ኢንዱስትሪው ገባበት። ዛሬ ለአውሮፕላን የሚሆኑ ውስብስብ ክፍሎች በዚህ መንገድ ይሠራሉ፦ ሉሁ ይሞቃል፣ ጋዝ ይለቀቅበታል፣ ሉሁ ቅርጽ ማውጫው ላይ ቀስ እያለ ይለጠፋል። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለው የታወቀው የቲታኒየም ቅይጥ 900 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው።

ቀስ እያለ ያልኩትን ልብ በሉልኝ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር የሚታሰረው። በተለመደው ሱፐርፕላስቲክ ሥራ ሉሁ በየሰከንዱ የሚለጠጠው ከርዝመቱ አንድ ሺህኛውን፣ ማለትም 0.001 ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት 400 በመቶ ለመድረስ 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በ0.0001 ከሆነ ወደ አራት ሰዓት ተኩል። ለአውሮፕላን ክፍል ይህ ችግር የለውም፣ ዋጋው ይሸከመዋል። በቀን በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ለሚያወጣ ፋብሪካ ግን 27 ደቂቃ ዘላለም ነው። በ0.01 ቢሆን ግን ከ3 ደቂቃ በታች ይሆናል። ጃፓኖች በደረጃ መስፈርታቸው «ከፍተኛ ፍጥነት ያለው ሱፐርፕላስቲሲቲ» የሚሉትን ከ0.01 ጀምሮ እንዲሆን ያደረጉት ያለ ነገር አይደለም።

ታዲያ ፍጥነቱን የሚወስነው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ወደ ሜታሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል።

ሜታል ውስጡ ከብዙ ትንንሽ ክሪስታሎች የተገጣጠመ ነው። ቅንጣት እንበላቸው። እያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ አቶሞቹ በሥርዓት ተሰልፈዋል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ፣ ግን ሰልፉ በሌላ አቅጣጫ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት ቀጭን፣ ሥርዓት የጎደለው ቦታ ድንበራቸው ነው። ተራ ሜታል ስንጎትተው ቅንጣቶቹ ራሳቸው አብረው ይረዝማሉ። ሱፐርፕላስቲክ ሜታል ላይ ግን አንድ የሚገርም ነገር ይታያል፦ ናሙናው አሥር እጥፍ ከተለጠጠ በኋላ ቆርጣችሁ በማይክሮስኮፕ ብታዩት ቅንጣቶቹ አልረዘሙም። እንደበፊቱ ድቡልቡል ናቸው። ዕቃው አሥር እጥፍ ረዝሞ የተሠራባቸው ቅንጣቶች ግን ቅርጻቸው አልተለወጠም። እንዴት?

ቦታ ተለዋውጠው ነው። ጎን ለጎን የነበሩት እርስ በርስ እየተንሸራተቱ፣ ከወርድ ወደ ርዝመት ገብተዋል። በርዝመቱ ብዙ ቅንጣት፣ በወርዱ ጥቂት። ይህን የሚያሳይ ቀላል ሙከራ አለ፤ በጣም የምወደው ነው። ናሙናውን ከመጎተት በፊት አሳምሮ አለስልሶ፣ ላዩ ላይ ቀጥ ያለ ስስ መስመር መጫር። ከዚያ ማሞቅና ትንሽ መጎተት። መስመሩ በየቅንጣቱ መሐል ቀጥ እንዳለ ይቆያል፣ ድንበር ላይ ሲደርስ ግን ተቆርጦ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ይቀጥላል። የተንሸራተተው ድንበሩ እንደሆነ በዓይን ይታያል።

መንሸራተቱ ብቻውን አይበቃም። ሦስት ቅንጣቶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ አንዱ ሌላውን ይጋፋል፣ መንገድ ይዘጋል። ያ ጥግ እንዲለቅ በቅንጣቱ ውስጥ ዲስሎኬሽን የሚባሉት የሰልፍ ጉድለቶች ተንቀሳቅሰው ወደ ማዶ መሻገርና እዚያ ድንበር ላይ መጥፋት አለባቸው። አቶሞችም በድንበሩ በኩል መጓዝ ይጠበቅባቸዋል። ለዚህ ነው ሙቀት የሚያስፈልገው፣ ብዙውን ጊዜ ከቅልጠት ሙቀቱ በኬልቪን ሲለካ ግማሹና ከዚያ በላይ። ለዚህ ነው ጊዜም የሚፈጀው። ቅንጣቷ ትንሽ ከሆነች ግን መንገዱ ሁሉ ያጥራል። ቀመሩ እንደሚለው ፍጥነቱ ከቅንጣቷ ስፋት ካሬ ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ቅንጣቷን ከ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ወደ 0.5 ብታወርዷት፣ በዚያው ሙቀትና በዚያው ጫና ፍጥነቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። አሥር አይደለም፣ መቶ። ግማሽ ሰዓት የፈጀው ሥራ ወደ ሰከንዶች ይወርዳል ማለት ነው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። ሜታል ሲቀዘቅዝ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ይጠነክራል፤ ይህ የሆልና የፔች ሕግ ነው፣ የዘርፉ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሲሞቅ ደግሞ ያው ትንሽ ቅንጣት ሜታሉን ለስላሳ ያደርገዋል። ድንበር በብርድ ለዲስሎኬሽኖች ግድግዳ ነው፣ በሙቀት ደግሞ መንሸራተቻ። በሙቀት በቀላሉ ቀርጻችሁት፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ የሚሆን ዕቃ ታገኛላችሁ፣ ቅንጣቶቹ እስከዚያ ካላደጉ።

እንግዲህ ቅንጣት ማሳነስ ነው ሥራው። በተለመደው መዳመጥና ማሞቅ የሚደረስበት ጥቂት ማይክሮን ነው። ከዚያ በታች መውረድ ከባድ ነው፤ አንዱ ምክንያት መዳመጥ ሉሁን እያሳሳው መሄዱ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚዳመጥ ነገር አይቀርም። ስለዚህ ቅርጹን ሳይለውጥ ውስጡን ደጋግሞ የሚያሸው ዘዴ ተፈለገ።

አንደኛው ኢካፕ ነው፤ በ1970ዎቹ ሚንስክ ውስጥ ቭላድሚር ሴጋል የጀመረው። ጠንካራ ብረት ውስጥ ቦይ ይሠራል፣ ቦዩ መሐል ላይ በ90 ዲግሪ ይታጠፋል። የሜታል ዘንግ ቅባት ተቀብቶ ከላይ ይገባል፣ በፕሬስ ይገፋል፣ ማጠፊያው ላይ ይሸለታል (ማለትም አንዱ ሽፋን በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ውስጡ ይታሻል)፣ በሌላው በኩል ይወጣል። ሲወጣ ወርዱ ሲገባ እንደነበረው ነው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወርዱ ስላልተለወጠ ያው ዘንግ ተመልሶ ይገባል። በየዙሩ 1 ገደማ የሆነ ስትሬይን (የቅርጽ ለውጥ መጠን) ይከማቻል፤ ይህ ለሜታል ብዙ ነው። በየዙሩ መካከል ዘንጉን በራሱ ዙሪያ 90 ዲግሪ፣ ሁሌም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማዞር ጥሩ ውጤት እንደሚሰጥ ተለምዷል። ከአራት እስከ ስምንት ዙር የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ኤች ፒ ቲ ነው። ሥሩ ሃርቫርድ የነበረው ብሪጅማን ጋ ይደርሳል፤ በከፍተኛ ግፊት ሥራው በ1946 የፊዚክስ ኖቤል ያገኘው። 10 ሚሊሜትር ስፋትና 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ሳንቲም መሳይ ክብ ቁራጭ በሁለት ጠንካራ መጫኛዎች መካከል ትገባለች፣ 6 ጊጋፓስካል ግፊት ይጫንባታል። ያ ወደ 60,000 ከባቢ አየር፣ ማለትም የተለመደው የአየር ግፊት 60,000 እጥፍ ገደማ ነው። ከዚያ አንደኛው መጫኛ ይዞራል። አምስት ዙር ሲሞላ ጠርዟ ላይ የተጠራቀመው ሽልታ ወደ 200 ይጠጋል። የኢካፕን አንድ ዙር አስቡና አወዳድሩት። መሐሏ ላይ በስሌት ዜሮ መሆን ነበረበት፣ በተግባር ግን ዙሩ ሲበዛ መሐሉም ጠርዙን እየመሰለ ይሄዳል።

ውስጡ ምን ይሆናል? ዲስሎኬሽኖች ይበዛሉ፣ ይጣበባሉ፣ ግድግዳ ይሠራሉ። ትልቁ ቅንጣት በእነዚህ ግድግዳዎች ይከፋፈላል። መጀመሪያ ላይ የሁለቱ ወገን የአቅጣጫ ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ሽልታው ሲቀጥል ልዩነቱ ያድጋል፣ እውነተኛ ድንበር ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጥቂት ዲግሪ ያለው ድንበር በደንብ አይንሸራተትም። ስለዚህ «ቅንጣቴ 0.3 ማይክሮን ነው» ማለት ብቻውን ሱፐርፕላስቲሲቲ አያመጣም፤ የድንበሩ ዓይነትም ይጠየቃል።

በ1988 በሩሲያዋ ኡፋ ከተማ የሚሠሩት ቫሊየቭና ባልደረቦቹ በከፍተኛ ሽልታ ቅንጣቱን ወደ 0.3 ማይክሮን ገደማ ያወረዱት የአሉሚኒየም፣ መዳብና ዚርኮኒየም ቅይጥ በ220 ዲግሪ ሱፐርፕላስቲክ ጠባይ እንደሚያሳይ አወጡ። ለአሉሚኒየም ቅይጥ ይህ ዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ የተለመደው 450 እና ከዚያ በላይ ነበር። በ1997 ደግሞ ቫሊየቭና ላንግደን ካሉበት ቡድን እኔን በጣም የሚመስጠኝ ውጤት ወጣ። አሉሚኒየም፣ ማግኒዥየም፣ ሊቲየምና ዚርኮኒየም ያለበት ቅይጥ በኢካፕ አልፎ፣ በ350 ዲግሪ፣ በ0.01 ፍጥነት 1,180 በመቶ ተለጠጠ። ይህስ እሺ። በሰከንድ 1 በሆነ ፍጥነት ደግሞ 910 በመቶ! ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ርዝመቱ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ከሌላ ታዋቂ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ዜድኬ60 የሚባለው የማግኒዥየም ቅይጥ በ2008 በወጣ ሥራ ሁለት ዙር ብቻ በኢካፕ አልፎ በ200 ዲግሪ 3,050 በመቶ ደርሷል። ለማግኒዥየም አስደናቂ ነው፣ ፎቶውም ያምራል። የመነሻ ፍጥነቱ ግን 0.0001 ነው። ማሽኑ በዚያው አካሄድ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ጎትቶ እዚያ ለመድረስ ከ3 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ለሳይንሱ ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥልም። ግን 910 በመቶው ከ3,050 በመቶው ያነሰ ውጤት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ አልተስማማንም።

ወደ ችግሩ እንምጣ። ትንሽ ቅንጣት ትንሽ ሆኖ መቆየት አይፈልግም። ድንበር ጉልበት የታመቀበት ቦታ ነው፤ ሜታሉ ሲሞቅ ድንበሩን ለመቀነስ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይዋዋጣሉ። እኛ ደግሞ ለመንሸራተት ማሞቅ አለብን። የዘርፉ ሰዎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያፈሱት እዚህ ላይ ነው። 3 በመቶ ማግኒዥየም ያለው አሉሚኒየም በኢካፕ ወደ 0.3 ማይክሮን ይወርዳል፣ ግን ሞቅ ሲያደርጉት ቅንጣቱ ወዲያው ያድጋል፣ የተለፋበት ሁሉ ገደል ይገባል። 0.2 በመቶ ስካንዲየም ሲጨመርበት ታሪኩ ይለወጣል። ስካንዲየሙ ከአሉሚኒየም ጋር ሆኖ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች ይሠራል፤ ጠጠሮቹ ድንበሩን ይዘው አያንቀሳቅሱትም። 400 ዲግሪ ላይ እንኳ ቅንጣቱ ደቃቅ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ቅይጥ በ0.033 ፍጥነት 2,280 በመቶ ተገኝቷል። ዚርኮኒየምም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፣ ግን እስከዚያ ሙቀት አይዘልቅም። ስካንዲየም ውድ ነው፣ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ይቆማል።

ከዚሁ ቅይጥ ጋር የተያያዘ አንድ ሙከራ አለ፤ ከፎቶዋ ይልቅ እሱ ቢዞር ደስ ይለኝ ነበር። ጃፓን ውስጥ የሆሪታ ቡድንና ላንግደን በኢካፕ ካለፈው ዘንግ ስስ ክብ ቁራጮች ቆርጠው፣ በ400 ዲግሪ አሙቀው፣ ከስር በ10 ከባቢ አየር ጋዝ ነፉባቸው። በ60 ሰከንድ ውስጥ ጉልላት ሆኑ። እዚህ የሚለካ ፐርሰንት የለም፣ ሉህ ተነፍቶ ቅርጽ ያዘ፣ አንድ ደቂቃ፣ አለቀ። የፋብሪካ ሰው የሚገባው ቋንቋ ይኼ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሙቀቱን ጨርሶ ማስቀረት ተሞክሯል። በኤች ፒ ቲ የተሠራ 8 በመቶ ሊቲየም ያለው ማግኒዥየም ያለ ምንም ማሞቂያ፣ በክፍል ሙቀት፣ 440 በመቶ ሄዷል። 30 በመቶ ዚንክ ያለው አሉሚኒየም ደግሞ 480። ምስጢሩ ድንበሩ ላይ ነው፤ ሊቲየሙ ወይም ዚንኩ እዚያ ተሰብስቦ መንሸራተቱን ያቀላል። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ግን ናሙናዋ የወጣችው ከዚያች 10 ሚሊሜትር ሳንቲም መሆኑ አይረሳ። በኤች ፒ ቲ ሥራ የሚጎተተው ክፍል ርዝመት ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 400 በመቶ ማለት 1 ሚሊሜትሯ 5 ሆነች ማለት ነው። ከረጅም ናሙና ቁጥር ጋር በቀጥታ ማወዳደር አግባብ አይመስለኝም፣ አጭር ናሙና ላይ ከመያዣው በኩል የሚፈስ ሜታል እንኳ ፐርሰንቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

የመጠኑ ጉዳይ ለኢካፕም ራስ ምታት ነው። ዘንግ በዘንግ መግፋት አዝጋሚ ነው፤ ጫፍና ጫፉ በደንብ ስለማይሸለት ተቆርጦ ይጣላል። ፈላጊው ደግሞ ዘንግ ሳይሆን ሉህ ነው። ዘንጉን ሳያቋርጡ በሚሽከረከር ጎማ እየጎተቱ በቦዩ የሚያሳልፉ ማሽኖች ተሠርተዋል፣ ለሽቦና ለቀጭን ዘንግ ጥሩ ናቸው። ሌላው ችግር ባዶ ቀዳዳ ነው፦ ብዙ ሲለጠጥ ጠጠሮቹ አጠገብና ጥጎቹ ላይ ደቃቅ ክፍተቶች ይከፈታሉ፣ ይያያዛሉ፣ ዕቃው ቅርጹን ይዞ ውስጡ ደካማ ይሆናል። ለዚህስ መድኃኒት አለው፤ ከሉሁ በሁለቱም ወገን ግፊት አድርጎ ልዩነቱን ብቻ ለመንፊያ መጠቀም ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ግን ኢካፕም ኤች ፒ ቲም ያልሆነ የዘመዳቸው ልጅ ነው። የሚሽከረከር ጠንካራ ፒን ሉሁ ውስጥ ይገባና እያማሰለ ወደፊት ይሄዳል፣ ሜታሉ ሳይቀልጥ ይታሻል። ያለፈበት መስመር ላይ ቅንጣቱ ደቃቅ ይሆናል። 7075 በሚባለው የአውሮፕላን አሉሚኒየም ላይ በ0.01 ፍጥነት ከ1,000 በመቶ በላይ አስገኝቷል። ሉሁን በሙሉ ማማሰል አያስፈልግም፤ ጥልቅ ሆኖ የሚወጣው፣ ብዙ የሚለጠጠው ቦታ ብቻ ይማሰላል፣ የቀረው እንደነበረ ይተዋል። ስካንዲየም አይጠይቅም፣ ሳንቲም ከምታህል ቁራጭም አይጀምርም።